ሰባኪው በሰው ቤት

ዲዳኬ ከሚባለው የጥንት የሐዋርያት ትምህርት አንድ ክፍል በግዕዙ ሲኖዶስ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። እየተዘዋወረ የሚያስተምር ሰው ደጃችሁን ቢያንኳኳ ምን ታደርጋላችሁ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ አስተማሪው በክብር ይስተናገድ፣ አንድ ቀን ይደር፣ ግድ ከሆነም ሁለት፤ ሦስተኛ ቀን ከቆየ ግን ሐሰተኛ ነው። ሲነሣም እስከ ቀጣዩ ማደሪያው የሚያደርሰውን እንጀራ እንጂ ገንዘብ መጠየቅ አይገባውም። በእስልምናም የእንግዳ ወግ በሦስት ቀን የተለካ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርብለት ማዕድ መብቱ መሆኑ ቀርቶ ምጽዋት ይሆናል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደግሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። የተላኩት ሰዎች ኮረጆ ሳይዙ እንዲሄዱ፣ በተቀበላቸው ቤት እንዲቀመጡ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ ያዛል።

እንግዲህ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በባዕድ አገር በሰው ቤት ተቀምጦ የሚያገለግል ሰው ምን እንበለው? ሦስቱ ቀን ስላለፈበት እንግዳ አይደለም። ኪራይ ስለማይከፍል ተከራይ አይደለም። ዘመድም አይደለም። የመጣው ለመስጠት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያደርገው ግን መቀበል ነው። ውሃውን፣ እንጀራውን፣ መኝታውን፣ ቋንቋውን፣ ታክሲ የሚይዝበትን ማዕዘን ሳይቀር የሚቀበለው ከዚያ ቤት ነው። ይህን ጉዳይ ያሰብኩት በካርቱም ነው፤ እየቆየሁ ስሄድም ስለ ስብከት የነበረኝን ግምት ከሥሩ ነቀነቀው።

ካርቱም ሚሲዮናውያንን በብዛት የቀበረች ከተማ ናት። ጣሊያናዊው ቄስ ዳንኤል ኮምቦኒ በ1850 ዓ.ም. ወጣት ሳለ መጣባት፤ ከዚያም ነጭ ዓባይን ተከትሎ ወደ ዲንካዎች አገር ወረደ፤ ባልንጀሮቹ በትኩሳት እየረገፉ እሱም ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፍሪካ የምትድነው በራሷ በአፍሪካውያን እጅ ነው የሚል ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ። ያ ሐሳብ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይመስለኝም፤ ባልንጀሮቹን በገዛ እጁ የቀበረ ሰው የሚደርስበት ሐሳብ ነው። በኋላም ጳጳስ ሆኖ ተመለሰና ጥቅምት 1874 ዓ.ም. እዚያው ካርቱም አረፈ።

የዚያ ዘመን ሚሲዮን ግን ቤቱን ለብቻው የሠራ ሚሲዮን ነበር። በጥቁር ዓባይ ዳር የራሱ ግቢ፣ የራሱ አትክልት፣ የራሱ ወጥ ቤት ነበረው። ድካማቸውን አልንቅም፤ በዚያ ወበቅና በዚያ በሽታ መካከል ሌላ መንገድ ቢያጡ አይፈረድባቸውም። ግን ከጎረቤት እሳት የማይጭር ቤት ጎረቤቱን አያውቅም። ግቢው ሰጪ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ መድኃኒት ይሰጣል፣ ፊደል ይሰጣል፣ ከጎረቤቱ ደጅ ግን አንድ ጣሳ ውሃ አይለምንም። ሰጪ ብቻ የሆነ ሰው ደግሞ ምን ያህል ቢወደድ ከሚሰጣቸው ጋር በአንድ መደብ አይቀመጥም። ጥር 1877 ዓ.ም. የማህዲ ሠራዊት ካርቱምን ሲይዝ የግቢው ዘመን አብሮ አለፈ።

ኮምቦኒ ባረፈበት በዚያው 1874 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ላይ፣ ካርቱም አንድ ሌላ ሰባኪ ገባ። ይህ የእኛው ሰው ነው፤ ኦነሲሞስ ነሲብ፣ አባ ገመቺስ። በኢሉባቦር ሁሩሙ ተወልዶ በሕፃንነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተወስዶ ተሸጧል፤ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጓል፤ ስዊድን ድረስ ሄዶም ተምሯል። ወደ ወገኖቹ ለመድረስ በሱዳን በኩል ዞሮ ከአሶሳ ማዶ እስካለው የድንበር አካባቢ ዘልቆ ነበር። መንገዱ ተዘጋ። የማህዲ ጦርነት አገሩን አናውጦት ስለነበር ቡድኑ ወደ ካርቱም ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ እዚያም ኦነሲሞስን ትኩሳት ያዘው።

ይህን ሰው ከኮምቦኒ ጎን ሳቆመው ልዩነታቸው ወለል ብሎ ይታየኛል። ኦነሲሞስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሰው ቤት የኖረ ሰው ነው። በጌቶች ቤት፣ በነጻ አውጪዎች ቤት፣ በሚሲዮን ቤት ኖሯል፤ የራሱ ደጅ አልነበረውም። ወንጌልን ተሸክሞ ሲነሣም እንደገና በሰው ደጅ ወደቀ። ትኩሳት ይዞት የተኛ ሰባኪ ደግሞ የሚያስፈልገው አድማጭ አይደለም፤ ራሱን ቀና አድርጎ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ነው። በኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገባ። ከኦነሲሞስ ታሪክ ለእኔ ክብደት ያለው ግን ያ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ነው። የተላከበት አገር ሳይደርስ፣ አንድም ሰው ሳያስተምር፣ በሰው አገር ታሞ የተኛበት ጊዜ። ያን ጊዜ ከሐዋርያነቱ የሚቀንስ ሰው ወንጌሉን በደንብ አላነበበውም እላለሁ።

ሱዳኖችም ሃይማኖታቸውን ያገኙት ከእንግዳ እጅ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ታጁዲን አል ባሃሪ ከባግዳድ መጥቶ በገዚራ ተቀመጠና የቃዲሪያን የሱፊ መንገድ አስተማረ። እንደ እሱ ያሉት ሼኾች ኸልዋ የሚባለውን የቁርኣን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ልጆች ከሩቅ አገር እየመጡ በሼኹ እሳት ዙሪያ ቁርኣን ይቀራሉ፣ በሼኹ ማዕድ ይጠግባሉ። ከካርቱም ምሥራቅ የምትገኘው ኡም ደዋንባን ለዚህ ስመ ጥር ናት፤ የተማሪዎቹ እሳት ለዘመናት ሳይጠፋ እንደኖረ ይነገርላታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በእንተ ስማ ለማርያም የሚለው የጎጃም የቆሎ ተማሪ እዚያ ቢደርስ ሥርዓቱ አይጠፋውም። የእኛ ሊቃውንት ከመስበካቸው በፊት ለምነዋል። በየመንደሩ ቁራሽ ተቀብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ የሰው እጅ ማየት ምን እንደሆነ ሳያውቅ መምህር የሆነ ጥቂት ነበር። ይህ ልመና የድህነት መፍትሔ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ስለ እግዚአብሔር የሚናገር ሰው አስቀድሞ በእግዚአብሔር ስም የተሰጠውን እንዲበላ የሚያደርግ ትምህርት ነው።

እኔ በካርቱም ያሉ ወገኖቻችንን ሳገለግል ያረፍኩት ኦምዱርማን፣ አንድ የሱዳን ቤተሰብ ዘንድ ነበር። በሱዳን ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጉባኤያችን ዓርብ ነበር። ቤቱ እንደ ብዙው የኦምዱርማን ቤት ሰፊ ሆሽ፣ አሸዋ የለበሰ የታጠረ ግቢ፣ ያለው ነው። ከበሩ ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ ዚር የሚባሉ ሁለት ትላልቅ የሸክላ የውሃ እንስራዎች በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጠዋል፤ በክዳናቸው ላይ አንድ ጣሳ አለ። የሚጠጣው ማንም መንገደኛ ነው። ማለዳ ዚሮቹን የሚሞላው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ማን እንደሚጠጣ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾማችንና ረመዳን ተደራረቡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ ምንጣፍ ወደ መንገዱ ያወጣሉ፤ ከየቤቱ ሲኒያ፣ ያ ክቡ ሰፊ የምግብ ትሪ፣ በራስ ተሸክመው ይመጣሉ። መንገደኛ ካለፈ ተነሥተው መንገዱን ይዘጉበታል፤ መኪና ቢሆንም ያስቆሙታል። ኢትፈደል፣ እባክህ ቅረብ፣ እያሉ እጁን ይዘው ያስቀምጡታል። በዚያ ሲኒያ ላይ አሲዳው፣ ማለትም ገንፎው፣ ከደረቅ ሥጋ በተሠራ ሙላህ በሚባል ወጥ ተጥለቅልቆ ይቀርባል። እኔ አልበላውም። የቤቱ እናት፣ ሁላችን ሀጃ የምንላቸው አዛውንት፣ በመጀመሪያው ቀን ይህን አዩና ምንም አላሉኝም። በማግስቱ ከሲኒያው ጠርዝ አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ለብቻዋ መጣች፤ ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ በላዩ ሽንኩርትና ከሙን፣ አይብ የሌለበት። በቀድሞ ዘመን ከመሳልማ ሰፈር ቅብጦች ጋር ተጎራብተው ኖረዋልና የክርስቲያን ጾም ምን እንደሚከለክል ያውቁታል። ሳህኗም እስከ ፋሲካ አልቀረችም።

አንድ ማታ ከማዕድ በኋላ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጾማችሁ ስንት ቀን ነው?»

«ሃምሳ አምስት ቀን ነው፣ ሀጃ።»

ዝም አሉ። በጣታቸው መቁጠሪያቸውን ጥቂት አንቀሳቀሱና «አላህ ይቀበልህ» አሉኝ።

«ከእርስዎም ይቀበል» አልኩ።

በዚህ ንግግር ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ለይሉኝታ አይደለም፤ ከልቤ ነው። ነገር ግን የተላክሁት ወገኖቼን ለማገልገል ቢሆንም፣ እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ነገር አለ የሚል ሐሳብ ይዤ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ደግሞ ጾሜ በፈጣሪ ፊት እንዲወደድ ለመኑልኝ። ከፈጣሪያቸው ፊት ስለ እኔ ቆሙ። በዚያች ሰዓት በዚያ ቤት ሰባኪው ማን ነው? እግዚአብሔርን እኔ ይዤው እንደገባሁ አድርጌ ባስብ፣ ከደጅ ያለው ዚር፣ መንገድ ላይ የተዘረጋው ምንጣፍ፣ ለብቻዋ የመጣችው ሳህን የማን ሥራ ነው ልል ነው? ወሎ ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ አያስደነግጠውም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዱዓ አሜን ሲሉ አይቶ አድጓልና። እምነቴን አልለወጥሁም፤ ክርስቶስን የማምነው እንደ ቀድሞው ነው። የተለወጠው ስለ ተልእኮ ያለኝ ሐሳብ ነው። የተላከ ሰው ባዶ ቤት አይገባም። የገባበት ቤት አስቀድሞ ጸሎት ያለበት ቤት ነው፤ ያንን ሳያይ አፉን የሚከፍት ሰባኪ ያየውን ሳይሆን የገመተውን ይሰብካል።

«ታዲያ ዝም ካልክ ለምን ሄድክ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወንጌል የሚነገር ነገር ነውና። መልሴ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው፣ በሰው ቤት የሚኖር ሰው ማንነቱን መደበቅ የለበትም። የትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ ብሎ ገብቶ ልቡ ሌላ ከሆነ ያንን ቤት ሰርቆታል፤ የበላው እንጀራም ይፈርድበታል። ሲጠየቅ ይመልስ፣ ሳይፈራና ሳያድበሰብስ። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 126 ከእስልምና የወጣን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር፤ አንቀጹ የተሰረዘው ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። የውጭ አገር ሰባኪ ቢከፋ ቢከፋ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ይባረር ነበር። በሰባኪው ቃል የተነሣ አስተናጋጁ ወይም ልጁ ቢከሰስ ግን የሚሄድበት ሌላ አገር አልነበረውም። ራሱ የማይከፍለውን ዋጋ ሌላውን የሚያስከፍል ንግግር፣ ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ እንደ ድፍረት ሊቆጠር አይገባም። የሰው ቤት ጣሪያ ሥር ያለ ሰው የቤቱን ባለቤት አንገት አስቦ ይናገራል። ይህን ፍርሃት የሚሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የመመለሻ ቲኬት ያላቸው ናቸው።

ደግሞም በካርቱም በሱዳናውያን ቤት ስንኖር ከነበርነው ኢትዮጵያውያን ሁሉ እኔ ዕድለኛው ነበርኩ። ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ እኅቶቻችን በዚያች ከተማ ቤቶች ውስጥ ኖረዋል፤ እንግዳ ሆነው ሳይሆን ሠራተኛ ሆነው። ሌሎቹ በየመንገዱ ጥግ ዝቅ ያለ በርጩማ ደርድረው ሻይና ቡና ሲሸጡ ውለዋል፤ ፖሊስ ለከሻ፣ ማለትም ለአፈሳ፣ ሲመጣ ዕቃቸውን ሰብስበው ሮጠዋል። አጣሪ ጠፍቶ ደመወዛቸው የተበላ፣ ወረቀት የለሽም ተብለው የታሰሩ አሉ። የሱዳንን ደግነት ሳወራ ይህን ብተው ውሸታም እሆናለሁ። ሲኒያው ለሁሉም እኩል አልተዘረጋም።

ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ከየትኛውም ሰባኪ በላይ ወደ ቤቱ ውስጥ ዘልቀዋል። ሕፃን አዝለው አስተኝተዋል፤ የታመመች እመቤት አጥበዋል፤ የቤቱን ምስጢር ሰምተው አልፈዋል። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ መሆናቸውን ቤቱ ያውቃል። ዓርብ ከሰዓት ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው ይወጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ አውጥተው ይለብሱታል። ከመካከላቸው አንዷ የምትሠራበት ቤት ሕፃን በጠና ሲታመም እናቲቱ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ «አንቺ ትጸልያለሽ፣ ለልጄም ጸልዪልኝ» እንዳለቻት ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ማንም አልላካትም፤ ስሟ በማንም የአገልጋዮች መዝገብ አልሰፈረም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 የንዕማንን ሚስት ስታገለግል የነበረችው የተማረከች ብላቴና ስለ ነቢዩ ለእመቤቷ የተናገረችው እንዲሁ ማንም ሳይልካት ነበር። ስሟ አልተጻፈም። የጌታዋን መፈወስ ትመኝ ነበር፤ እሱ የማረካት አገር ሰው ሆኖ ሳለ። በባዕድ ቤት የመኖር ተልእኮ ምን ይመስላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህች ልጅ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በእጇ ሥልጣን የለም፣ ገንዘብ የለም፣ መሄጃም የለም፤ ያላት ለቤቱ ሰዎች ደኅንነት ማሰብ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ለውጭ አገልግሎት ሰው ሲያዘጋጁ እነዚህን ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ጠርተው ቢጠይቁ፣ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ይማራሉ ብዬ አምናለሁ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በካርቱም ተኩስ ተከፈተ። ለእኛ ቀዳም ስዑር ነበር፤ ለእነሱ የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት። ለትንሣኤ ሌሊት የተዘጋጁ ወገኖቻችን ከቤት መውጣት አቃታቸው። ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በከተማይቱ መካከል ሲዋጉ ሰፈሩ ሁሉ ተበተነ። እኔን ያስተናገደኝ ቤተሰብም ተበትኗል፤ ሀጃ ፖርት ሱዳን ናቸው፤ ከልጆቻቸው አንዱ በመተማ በኩል ወደ አገሬ ገባ።

የማስተናገዱ ተራ ወደ እኛ ዞረ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያባረራቸውን ወገኖቻችንን ሱዳን በኡም ራኩባ ተቀብላለች። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ተከዜን ተሻግረው ሐምዳዬት የደረሱትን የመንደሩ ሰዎች መጠለያ እስኪቆም ድረስ በየቤታቸው አስጠግተዋል። እኛ ደግሞ ሱዳናውያኑን በኩመርና በአውላላ ካምፖች አስቀመጥናቸው፤ እዚያ ዘረፋና ጥቃት ደረሰባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ካምፑን ጥለው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ሌሎች በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ አቅጣጫ ገቡ፤ ኦነሲሞስ ሊገባ ሞክሮ የተመለሰበት አቅጣጫ ነው። አካባቢው በጦርነት የተጎዳ መሆኑን፣ የጎንደርና የመተማ ሰው ራሱ በችግር ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ስንፈናቀል ያስተናገደን ሕዝብ በአገራችን ጫካ ውስጥ ማደሩ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ በሌላ ቃል ልጠራው አልችልም።

አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሱዳናውያን አሉ። ከእነሱ ጋር በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሕንፃ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ በራቸውን አንኳኩና ከየት እንደመጡ ጠይቋቸው። አከራዮች ኪራይ ሲጨምሩባቸው ዝም አትበሉ። ረመዳን ሲገባ ለማፍጠሪያ የሚሆን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ የማይበሉትን ጠይቃችሁ ለይታችሁ አቅርቡ። የእምነታቸውን ነገር እነሱ እስኪያነሡት ተዉት።